የሙዮን ቀለበት ሳይደበዝዝ የኤር ሻወር ብርሃን ሲደበዝዝ ጉድለቱ የመስታወቱ ነው ወይስ የአየሩ?

ጥያቄ (የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመመረቂያ ጽሑፌ ጋማ ጨረርን ከመሬት ሆነው በሚከታተሉ የቼረንኮቭ ቴሌስኮፖች ካሊብሬሽን (የመለኪያ ማስተካከያ) ላይ ነው፤ ቴሌስኮፖቹ የሚይዙት እጅግ ፈጣን ቅንጣቶች በአየር ውስጥ የሚፈነጥቁትን የቼረንኮቭ ብርሃን ነው። አማካሪዬ ኮርሲካ በተባለው የኤር ሻወር ሲሙሌሽን ፕሮግራም የተሠሩ ሁለት ፋይሎች ሰጥተውኛል። በአንደኛው የቴሌስኮፑ መስታወት አርጅቷል፤ በሌላው ደግሞ ከቴሌስኮፑ በላይ ብዙ ከፍ ብሎ የአቧራ ንብርብር አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። በሁለቱም የኤር ሻወሮቹ (ጨረር ከህዋ መጥቶ አየሩን ሲመታ የሚፈጠሩት የቅንጣት ጎርፎች) ምስል ከሚጠበቀው ደብዝዟል፤ የሙዮን (ከእነዚህ ጎርፎች እስከ መሬት የሚደርስ ቅንጣት) ብርሃን በካሜራው ላይ የሚሠራቸው ቀለበቶች ግን የደበዘዙት በ«ሀ» ፋይል ብቻ ሲሆን በ«ለ» እንደ ወትሮው ናቸው። በዚህ ብቻ መፍረድ ይቻላል? ደግሞም አንዳንዱ ቀለበት በአንድ ጎኑ ደምቆ በሌላው ይሳሳል፤ ይህ የካሜራው ጉድለት ይሆን?

መልስ 1 (ባሕር ዳር)፦
ይቻላል። ሙዮን ቀለበት ሆኖ የሚታየውን ብርሃን የሚፈነጥቀው መሬት ሊደርስ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ነው፤ የጋማ ጨረር ኤር ሻወር ግን ይበልጥ የሚደምቀው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ከዚያ በታች ያለውን አየር ሁሉ አቋርጦ ይመጣል። በበጋ አቧራ ጊዜ ከከተማችሁ ሆነው ሲመለከቱ የጎረቤት ጣሪያ ጥርት ብሎ እየታየ ጮቄ ተሸፍኖ እንደሚውለው ማለት ነው። ያረጀ መስታወት ሁለቱንም ያደበዝዛል፤ ስለዚህ መስታወቱ ያረጀው «ሀ» ነው፣ አቧራው ያለው በ«ለ» ነው።

የአንድ ጎን ድምቀቱ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚፈለግ ነገር ነው። ሙዮኑ መስታወቱን ከመሃሉ ፈቀቅ ብሎ ሲመታ፣ ከወደቀበት ነጥብ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በየአቅጣጫው ስለሚለያይ፣ ርቀቱ በረዘመበት አቅጣጫ ብዙ ብርሃን ይሰበሰባል። ሙዮኑ የት እንደወደቀ የሚታወቀው በዚህ ልዩነት ነው። ቦታውና የቀለበቱ ሬዲየስ፣ ማለትም ብርሃኑ ከሙዮኑ መንገድ ጋር የሚሠራውና አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጠው የቼረንኮቭ ማዕዘን፣ ከታወቁ መድረስ የነበረበት ብርሃን በስሌት ይገኛል። በካሜራው የተመዘገበው ለዚህ ሲካፈል የመስታወቱና የካሜራው የጋራ ብቃት ይወጣል። በቤተ ሙከራ የሚሠራ የጋማ ጨረር ምንጭ ለማይኖረው መሣሪያ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

መልስ 2 (ፍኖተ ሰላም)፦
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቀለበቱን ከማመንዎ በፊት የእያንዳንዱ ፒክስል የኤሌክትሮኒክስ መነሻ መጠን (ብርሃን ሳይኖርም የሚያሳየው ንባብ) መቀነሱን፣ ሲግናሉ ወደ ፎቶኤሌክትሮን (ብርሃኑ በፒክስሉ ውስጥ ወዳስፈነጠራቸው ኤሌክትሮኖች ብዛት) መቀየሩን፣ ፒክስሎቹም መላውን ካሜራ እኩል በሚያበራ ብልጭታ መስተካከላቸውን ያረጋግጡ። ያለዚያ ደካማ ፒክስሎች የተሰበሰቡበት ጎን ሙዮኑ ወደ ሌላ ጎን የወደቀ ያስመስላል። ሙሉ ያልሆኑ ቀለበቶችን ይተዉዋቸው።

መልስ 3 (ዳንግላ)፦
ፍርዱ ትክክል ቢሆንም፣ ከ«ሀ» ቀለበቶች ያገኙትን ቁጥር እንዳለ ወስደው የሻወሮቹን ኃይል እንዳያርሙበት እለምንዎታለሁ። የሙዮን ብርሃን በአየር ውስጥ የሚጓዘው ጥቂት ስለሆነ፣ ከሩቅ በሚመጣው የሻወር ብርሃን ውስጥ በኦዞንና በአየር ሞለኪውሎች ተውጦ የሚቀረው አጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት በሙዮኑ ውስጥ አለ። መስታወቱ ያን አጭር ሞገድ ከሌላው ይበልጥ መመለስ ካቃተው፣ ቀለበቱ የሻወሩ ብርሃን ከተጎዳው በላይ ደብዝዞ ይታያል። መፍትሔው የሞገዱን ርዝመት የሚከተል የመስታወት ነጸብራቅ ሠንጠረዥ በሲሙሌሽኑ ማስገባትና ሙዮኑንም ሻወሩንም በዚያው ማስላት ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእውነተኛ ቴሌስኮፕ ላይስ የ«ለ» ዓይነቱ አቧራ በምን ይለካል?

መልስ 1 (ባሕር ዳር)፦
አንደኛው መንገድ ላይዳር ነው፤ የሌዘር ብልጭታ ወደ ላይ ልኮ ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን ከየከፍታው ይለካል። ሁለተኛው የኮስሚክ ጨረር ትሪገር ብዛት፣ ማለትም ከህዋ የሚመጡ ቅንጣቶች ካሜራውን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያስነሱት ነው፤ የኮስሚክ ጨረሩ ፍሰት ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ከሙዮን የተገኘው የመስታወት ብቃትና የዜኒት ማዕዘኑ (ቴሌስኮፑ ከአናት ያዘነበለበት ማዕዘን) ከታረሙ በኋላም ብዛቱ ካነሰ የሚጠረጠረው አየሩ ነው። የክራብ ኔቡላም (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት የሆነ ደማቅ የጋማ ጨረር ምንጭ) የጋራ ማመሳከሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ሲያነጻጽሩ ግን በሰማይ ላይ ያለውን ከፍታ ልብ ይበሉ። እኛ ዘንድ ከአናት 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ርቆ የሚያልፈው ክራብ፣ ናሚቢያ ካለው ሄስ ከተባለው የቼረንኮቭ ቴሌስኮፕ ሲታይ ለአናት ከ45 ዲግሪ ይበልጥ ስለማይቀርብ፣ ብርሃኑ እዚያ የሚያቋርጠው አየር በ40 በመቶ ገደማ ይረዝማል።