እናቴ አከርካሪዋ ላይ ካንሰር ወጥቶባታል፤ ቀዶ ጥገና ይሻላል ወይስ ጨረር?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ጡቷ ወጥቶ ኬሞም ጨርሳ ደህና ነበረች። ከፋሲካ ወዲህ ግን ጀርባዋን መሐል ላይ ያማት ጀመር። የሥራ ድካም ነው ብለን ነበር፤ ሌሊት ስትተኛ ግን ይብስባታል፣ ስታስልም ይወጋታል። ባሕር ዳር ኤምአርአይ ተነሥታ «ወደ ዘጠነኛው የደረት አከርካሪ ተሰራጭቷል፣ ኅብለ ሰረሰሩንም (በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ) መጫን ጀምሯል» ተባልን። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እግሯ ይዝላል፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። አንዱ ሐኪም ቀዶ ጥገና አለ፣ ሌላው ጨረር ይበቃል አለ። ዘመድ ደግሞ ወጌሻ ይያት ይላል። አቅማችን ውስን ነው፣ የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ግን አለን። እባካችሁ፣ የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፣ ነርስ (ደብረ ማርቆስ)፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ስለ ምርጫው ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ ሰዓቱ ልንገርሽ። እግር መዛል ከጀመረ ቀጠሮ የሚጠበቅበት በሽታ አይደለም። ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፣ የኤምአርአዩን ፊልምም ውጤቱንም ያዢ። ካርድ ክፍል ወረፋ ያዙ ቢሉሽ «ኅብለ ሰረሰር ተጭኗል፣ እግር እየዛለ ነው» በይ፤ ያኔ ቅድሚያ ይሰጡሻል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ዴክሳሜታሶን ነው፤ እብጠቱን ቀንሶ ጊዜ ይገዛል። በቀን እስከ 16 ሚሊ ግራም ይሰጣል፣ ከሆድ መከላከያ መድኃኒት ጋር። ስኳር ካለባቸው አስቀድመሽ ተናገሪ፣ መድኃኒቱ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ደህና ሆኑ ብላችሁም በራሳችሁ በድንገት እንዳታቋርጡት።

ወጌሻውን ግን ተዉት። ካንሰር የበላው አጥንት በእጅ ሲታሽና ሲጎተት ሊሰበር ይችላል፣ ያን ጊዜ እግራቸው በአንድ ቀን ሽባ ሊሆን ይችላል። ጠበሉን ማንም አይከለክላቸውም፤ እዚያው አልጋቸው ላይ ይምጣላቸው። ሕክምናው አይዘግይ፣ ቁልቁለት ወርደውም አይንገላቱ።

ሽንታቸው እንዴት ነው? እምቢ ካላቸው ወይም ሳያውቁት ካመለጣቸው፣ መቀመጫቸው አካባቢም ከደነዘዘ፣ ያ ከእግሩም የባሰ ምልክት ነው።

መልስ፣ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪም፦
ሁለቱ ሐኪሞች የተለያየ ነገር መናገራቸው አንዳቸው ተሳስቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ ሕክምናዎች የሚሠሩት የተለያየ ሥራ ነው። ጨረር የካንሰሩን ሕዋስ ይገድላል፣ ሕመምም ያስታግሳል፤ የተሰበረ አጥንት ግን አያጸናም። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ኅብለ ሰረሰሩን የሚጫነውን ያነሣና አከርካሪውን በብሎንና በዘንግ ያስራል፤ የቀረውን ካንሰር ግን አያጠፋውም። ስለዚህ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ቁስሉ ሲድን፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ፣ ጨረርም ያስፈልገዋል።

ሐኪሙ የሚያየው አጥንቱ ተደርምሶ እንደሆነ፣ ስትቆም ወይም ስትገላበጥ ሕመሙ ይበረታ እንደሆነ፣ ካንሰሩ ለጨረር ምን ያህል እንደሚገዛ፣ የሌላው ሰውነቷ ሁኔታና ከቀዶ ጥገናው ለማገገም የሚበቃ ዕድሜ ይጠበቅ እንደሆነ ነው። አከርካሪው ምን ያህል እንደጸና የሚያሳይ፣ ሲንስ የሚባል ከ0 እስከ 18 የሚቆጠር መለኪያ አለ፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀዶ ጥገና ሐኪም ሊያያት ይገባል፣ 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አከርካሪው ያልጸና ነው ይባላል። «የእናቴ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው።

በአሜሪካ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አለ። ኅብለ ሰረሰራቸው አንድ ቦታ ላይ ከተጫነባቸው ሕሙማን መካከል ቀዶ ጥገናም ጨረርም ካገኙት ከ100ው 84፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ከ100ው 57 መራመድ ችለዋል። ይህ ለሁሉም ቀዶ ጥገና ይደረግ ማለት አይደለም። በጥናቱ የገቡት የተመረጡ ሕሙማን ነበሩ፤ እንደ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ያሉ ለጨረር ቶሎ የሚገዙ ካንሰሮች አልተካተቱም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሕክምናው ሲጀመር ሕሙማኑ መራመድ መቻላቸው ነው። እየሄደ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ እየሄደ ይቀጥላል፤ እግሩ ሙሉ በሙሉ መንቀሳቀስ ካቆመ 48 ሰዓት ያለፈው ግን የመመለስ ዕድሉ እጅግ ይጠባል። እናትዎ ዛሬ በምርኩዝ እየሄዱ ነው፤ ስለዚህ አትዘግዩ።

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦
ዶክተር፣ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሽንቷ ደህና ነው። ውጤቱን ደግሜ አየሁት፤ «አጥንቱ ከግማሽ በላይ ተደርምሷል» ይላል። ጨረሩስ ስንት ጊዜ ነው የሚሰጠው? አዲስ አበባ ለወራት መቀመጥ አንችልም።

መልስ፣ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪም፦
ከግማሽ በላይ ከተደረመሰ ጨረር ከመወሰኑ በፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም ይያቸው። ጨረሩ ወራት አይፈጅም። አንዳንዱ በአንድ ቀን 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይሰጠዋል፤ ሌላው 20 ግሬይ በ5 ቀን ወይም 30 ግሬይ በ10 ቀን። ለአጥንት ሕመም አንዷም ቀን ከብዙው ጋር ተቀራራቢ ማስታገሻ ትሰጣለች፣ ግን በኋላ እንደገና ጨረር የሚያስፈልገው ሰው ይበዛል። ከሩቅ ለሚመጣ ቤተሰብ ይህን አንስቶ መነጋገር ተገቢ ነው። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢብስ አትደንግጡ፤ እፎይታው እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የኤምአርአዩ ፊልም መላውን አከርካሪ ካላሳየ ያን ይጠይቁ፣ ካንሰሩ ሌላም ቦታ ሊኖር ይችላል።

መልስ፣ አባቱን ያስታመመ (ዳንግላ)፦
አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ነበረባቸው፣ ወደ ወገባቸው ወርዶ። የእሳቸው ቀዶ ጥገና አከርካሪ ላይ አልነበረም፤ የወንድ ሆርሞን የሚያመነጨው የዘር ፍሬ እንዲወጣ ተደርጎ ጨረር ተጨመረበት፣ ሕመማቸውም በጣም ቀለለ። ይህን የምነግርሽ የካንሰሩ ዓይነት መድኃኒቱን ስለሚለውጠው ነው። የእናትሽ የጡት ካንሰር ሆርሞን የሚቀበል መሆኑን የሚናገረውን የድሮ የባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ወረቀት ፈልጊ። ያ ወረቀት ከሌለ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ቀን ይባክናል። ሞርፊን ሲታዘዝላቸው ደግሞ ዘመድ «ሱስ ይሆንባቸዋል» ብሎ ሊከለክል ይችላል፤ አትስሚ። እኛ ከልክለን ያጠፋነው እንቅልፋቸውን ነበር። ከሞርፊኑ ጋር የሆድ ማለስለሻ እንዲጻፍላቸው ጠይቂ፣ ሆድ ያደርቃል።

መልስ፣ አዲስ አበባ የምትኖር የቢቸና ልጅ፦
ስለ ጉዞው ልጨምር። መድኅኑ የሚሠራው በሪፈር ስለሆነ ያለ ሪፈር ወረቀት እንዳትነሡ፤ ማኅተሙንና የመታወቂያ ደብተሩን አረጋግጡ። በአገራችን ጨረር ለረጅም ዓመታት የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማም ጀምሯል። ሪፈሩን የሚጽፈው ሐኪም የትኛው ወረፋው እንደሚያጥር ስልክ ደውሎ ቢጠይቅላችሁ እመክራለሁ። ቀዶ ጥገናው ባሕር ዳር የሚሠራ ከሆነም መጀመሪያ እዚያ ይጠየቅ፤ የዓባይን በረሃ በዚያ ሕመም ማለፍ ቀላል አይደለም።

በመኪና ከሆነ በሚኒባስ ወንበር አይቀመጡ፣ አምቡላንስ ካልተገኘ የኋላ ወንበሩ የሚተኛ መኪና ፈልጉ። ጠንካራ ፍራሽ ላይ አስተኟቸው፣ ሲያገላብጧቸውም ትከሻና ዳሌያቸው አብሮ ይዙር፣ ወገባቸው አይጠምዘዝ። ከደጀን በፊት የማስታገሻ ሰዓታቸው እንዲደርስ አድርጉ። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሩ፣ ተረከዛቸውንም እዩ፤ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው።

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድሜ መኪና ሊያመጣ ሄዷል። መጀመሪያ ባሕር ዳር ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ዘንድ ነን፤ የባዮፕሲውን ወረቀት ከሣጥኗ አግኝቼዋለሁ።