ክርክር፦ «አክስ» የሚል ተማሪ ይታረም ወይስ ይተው?

ጥያቄ አቅራቢ
መጠየቅ የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ብዙዎቻችን የምናውቀው «አስክ» ተብሎ ነው። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን፣ የካሪቢያን ሰዎችና የለንደን ወጣቶች ግን «አክስ» ይላሉ። ስንፍና ነው የሚል አለ፤ የራሱ ወግ ያለው አነጋገር ነው የሚልም አለ። እዚያ አገር የሚያስተምር መምህር ምን ያድርግ?

የሥነ ልሳን ተማሪ
ይተወው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሱ ሁለት መልክ ነበረው፤ በአንዱ «ስ» ትቀድማለች፣ በሌላው «ክ»። እ.ኤ.አ. በ1400 የሞተው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር «አክስ» ብሎ ጽፏል። ማይልስ ከቨርዴል በ1535 ባወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 7፥7 ላይ «ለምኑ፥ ይሰጣችሁማል» የሚለው የሚጀምረው በ«አክስ» ነው። በ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን «አስክ» ሆኖ እናገኘዋለን። ድምፆች ቦታ መለዋወጣቸውም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ወፍን «በርድ» የሚሉት ሰዎች አያቶች «ብሪድ» ይሉ ነበር። «በርድ» ያለውን ሰነፍ የሚለው የለም።

የእንግሊዝኛ መምህር
ታሪኩን አልክድም። ግን የ1535ቱ መጽሐፍ ቅዱስ «አንተ» ለማለት «ዛው» ይላል። ተማሪዬ ለሥራ ማመልከቻ «ዛው» ብሎ ቢጽፍ ዝም ልበለው? ድሮ ትክክል የነበረ ሁሉ ዛሬም ትክክል ነው ማለት አይቻልም። ልጁን የሚመዝነው ቀጣሪ ቾሰርን አላነበበም።

የሥነ ልሳን ተማሪ
መምህር፣ «ዛው» ከዕለት ንግግር ወጥቷል፤ «አክስ» ግን አንድም ቀን አልሞተም። በእንግሊዝ ገጠር ቀጠለ፤ ሰፋሪዎች ባሕር አሻገሩት፤ በባርነት የተጋዙት ሰዎችም እንግሊዝኛን የሰሙት ከእነዚያ ሰፋሪዎች አፍ ነው። ከአባት ወደ ልጅ የወረደን ቃል ስህተት ያሰኘው የተናጋሪው ማንነት ነው።

የሁለት ልጆች እናት
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልጅ ያልገባውን ሊጠይቅ እጁን ያወጣል፤ ጥያቄው ሳይመለስለት አፉ ይታረማል፤ ክፍሉ ይስቃል። ያ ልጅ ሁለተኛ እጁን ያወጣል?

በቅጥር ሥራ የቆየ
መምህሩ ስለ ቀጣሪ ያሉት እውነት ነው፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። የሥነ ልሳን ምሁሩ ጆን ባውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙትን ጥናት እዩ። ባው ራሱ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ቤት አከራዮች ዘንድ በሦስት ዓይነት አነጋገር ስልክ ደወለ። ነጮች በሚበዙበት ሰፈር በጥቁሮችና በሜክሲኮ አሜሪካውያን አነጋገር ሲደውል ቤቱን ለማየት ያገኘው ቀጠሮ በጣም አነሰ። ሌላም አለ፦ አድማጮች «ሄሎ» ከምትለዋ ቃል ብቻ የተናጋሪውን ወገን ብዙ ጊዜ ለይተዋል። እንግዲህ «አክስ»ን አርመን «ሄሎ»ን ምን ልናደርጋት ነው?

የእንግሊዝኛ መምህር
ይህ ከባድ ነው፤ ሆኖም እጄን አጣጥፌ እንድቀመጥ አያደርገኝም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የኦክላንድ ከተማ ትምህርት ቦርድ የጥቁር ልጆችን የቤት አነጋገር ለመደበኛው እንግሊዝኛ መሸጋገሪያ እናድርገው ሲል አገር ተናወጠ፤ ብዙው ሰው መደበኛው ሊቀር ነው ብሎ ተረዳው። የአሜሪካ የሥነ ልሳን ማኅበር ግን በ1997 መጀመሪያ ሐሳቡን ደገፈ። እኔም ድልድዩን እቀበላለሁ፤ ወዲያ ማዶ ሳይሻገር የሚቀር ተማሪ ግን አልፈልግም። በጽሑፍ «አስክ» ካላለ አርማለሁ።

የሥነ ልሳን ተማሪ
በጽሑፍ ይሁን፤ ሆሄው አንድ ነው፣ የሚከራከር የለም። የቃል ፈተና ላይስ?

የእንግሊዝኛ መምህር
መመዘኛው «ጥርት ያለ አነጋገር» የሚል ከሆነ ነጥብ እቀንሳለሁ።

የሁለት ልጆች እናት
«አክስ» ሲባል ያልገባው ሰው አለ? ሁላችሁም ገብቷችኋል። ጥርት ማለት መግባባት ከሆነ የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ መመዘኛው ይስተካከል።