የባንክ ሪፖርት ሊወጣ ሲል አክሲዮን መግዛት፦ ንግድ ነው ቁማር?

ጠያቂው፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ትናንት ማንጎ ፓርክ ቡና እየጠጣን ልንጣላ ምንም አልቀረን። ጓደኛዬ "ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ሊያወጡ ሲሉ አክሲዮን ገዝተህ፣ ትርፉ ሲታወጅ ብትሸጥ ታፍሳለህ" ይላል። እኔ ቁማር ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

የጣናው፦ ቁማር የሚሆነው ሳታነብ ከገባህ ነው። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ድሮ አክሲዮን ለመሸጥ ዘመድ አዝማድ ስትለምን ትከርም ነበር። የባንኮች የሒሳብ ዓመት በሰኔ ይዘጋል። ኦዲቱ አልቆ የባለ አክሲዮኖች ጉባኤ እስኪጠራ ወራት አሉ። በዚያ መሃል ቀድሞ የነቃ ይጠቀማል።

ዓሣ ነጋዴው፦ የአክሲዮን ነገር አይገባኝም፣ ስለ ቀረሶ ግን ጠይቁኝ። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ዓሣ እንደሚወደድ የማያውቅ የለም። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።) ሁሉም ስለሚያውቅ ዋጋው የሚሰቀለው ገና ከቅበላ በፊት ነው። አንድ ዓመት ዘግይቼ በውድ ገዛሁ። ፍሪጁን ሞላሁት። በሳምንቱ ታንኳው ሁሉ ዓሣ ጭኖ መጣና ዋጋው ቁልቁል ወረደ። ጾሙ አልቀረም፣ ዓሣውም ተበላ። የከሰርኩት እኔ ነኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ ነገሩን ጨረሱት እኮ! እኤአ የካቲት 2022 የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ የሩብ ዓመት ሪፖርት አወጣ። ትርፉ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ። በማግስቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወደቀ። ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ በአንድ ቀን ተነነ። ለምን? ለቀጣዩ ሩብ ዓመት የገመተው ገቢ ገበያው ከጠበቀው አነሰ፣ የፌስቡክ የቀን ተጠቃሚም ትንሽ ቀነሰ። ገበያው የሚያወዳድረው የወጣውን ከተጠበቀው ጋር ነው።

የጣናው፦ እህቴ፣ አሜሪካና እኛን ምን አገናኘን? እዚያ ሪፖርት በየሦስት ወሩ ነው። እኛ የምናየው ትርፍ ድርሻ ነው፣ ለባለ አክሲዮኑ የሚከፋፈለውን።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እሺ፣ እኛው ጋ እንምጣ። "ትርፍ በ20 በመቶ አደገ" የሚል ርዕስ አየህ እንበል። ባንኩ ካፒታል ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን ሸጦ የአክሲዮኑ ብዛት 40 በመቶ ከጨመረስ? ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ቀነሰ ማለት ነው። ለአጠራጣሪ፣ ማለትም ላይመለስ ለሚችል ብድር የተያዘውን መጠባበቂያም እይ። ደግሞ ሐምሌ 2016 ብር ሲንሳፈፍ (ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ) ከምንዛሬ ለውጥ የተገኘ ትርፍ ካለ፣ በየዓመቱ አይደገምም። እነዚህን ለማየት ከርዕሱ አልፈህ ከሒሳቡ ሥር እስከተጻፉት ማብራሪያዎች ድረስ መውረድ አለብህ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ወጣቱ፦ እኔ ምን አስለፋኝ? የአክስቴ ልጅ ባንክ ውስጥ ነው። ሪፖርቱ ሳይወጣ ሹክ ይለኛል 😄

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ይሄን እዚህ መጻፍህ ራሱ ይገርመኛል። ሕዝብ ያልሰማውን የውስጥ መረጃ ይዞ መገበያየት በካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 የተከለከለ ነው። የአክስትህንም ልጅ እንጀራ ታሳጣዋለህ።

ወጣቱ፦ ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን!

የጣናው፦ ታዲያ አይገዛ ነው የምትሉት? ሁሉ ሲፈራ የገዛ አይደል የሚያተርፈው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ይገዛ፣ ማን ከለከለ? ለዓመታት የማትፈልገው ገንዘብ ካለህ፣ ሪፖርቱን አንብበህ ግዛ። እኔም አለኝ። የምፈራው "ገዝቼ ወዲያው እሸጣለሁ" የሚለውን ነው። ገበያችን ገና ልጅ ነው። መሸጥ በፈለግህ ቀን በፈለግኸው ዋጋ ገዢ መኖሩን በምን ታውቃለህ? ተበድሮ የገባ ሰው ደግሞ ወለዱ ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም።

የጣናው፦ በብድሩ እስማማለሁ። በሌላው አልተረታሁም። አንብቦ ቀድሞ የገባ ሰው ለድካሙ ማግኘት አለበት።

ዓሣ ነጋዴው፦ ልጄ፣ እኔም ከቅበላ በፊት እንዲሁ እል ነበር።

ጠያቂው፦ ጓደኛዬን አስነበብኩት። "ጥሩ ብለዋል፣ እኔ ግን ገዝቻለሁ" አለኝ። ሪፖርቱን አንብበሃል ወይ ስለው ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ዓሣ ነጋዴው፦ ጉባኤው ላይ ምሳ ካለ ብቻ ንገሩኝ።