ባዮስ ውስጥ ገብቼ ቀኑን ሳስተካክል ኮምፒውተሬ አልነሣ አለ፤ ፎርማት ሳይደረግ የሚድንበት መንገድ አለ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራበት ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፕ ነው። ማመልከቻው፣ የኪራይ ውሉ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው።

ከፋሲካ ወዲህ ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ «ታይም ኦፍ ዴይ ኖት ሴት» የሚል ጽሑፍ ያመጣል። ለመቀጠል ኤፍ1፣ ለማስተካከል ኤፍ2 ተጫኑ ይላል። እኔም ኤፍ1 እየተጫንኩ ሳልፈው ቆየሁ። ቀን ላይ አጥፍቼ ስከፍተው ግን ምንም አይልም፤ ግራ የገባኝም ይኸው ነው። ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳያቃጥልብኝ ሶኬቱን ነቅዬ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው።

ዛሬ ጠዋት በኤፍ2 ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወዳለው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገባሁ። ሰኔ 12 ቀን 2017 ስለሆነ ወሩን 10፣ ቀኑን 12፣ ዓመቱን 2017 ብዬ ሞላሁ። ሰዓቱንም ግድግዳዬ ላይ አይቼ 2፡40 አልኩ። ከታች «ሎድ ዲፎልትስ» የሚል ቁልፍ አየሁና ወደ ጤናማው ይመልሰዋል ብዬ ነካሁት። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ ሊነሣ ሲል ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ይላል፣ ጠፍቶም እንደገና ይነሣል። ያሳየሁት ባለሙያ «ፎርማት ነው መፍትሔው» አለኝ፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ማለት ነው። የአንዲት ተማሪ ጽሑፍ ሰኞ መታተም አለበት፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። እባካችሁ እርዱኝ።

ባለ ፍላሹ

እህቴ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። በፍላሽ አዲስ ጫኝበት፤ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

የቦርከና ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ዊንዶውስሽ አልተበላሸም፣ ጽሑፉም አልጠፋም። ከላይ አዲስ ጫኝ ያልከው ወንድሜ በቅንነት እንደተናገርክ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሰው ሥራ ያለበትን ዲስክ ምክንያቱ ሳይታወቅ አትንኩ። ባለፈው ዓመት አንድ የእህል ነጋዴ የሁለት ዓመት የዱቤ መዝገቡን እንዲሁ በፎርማት አጥቶ ወደ እኔ መጣ። ኮምፒውተሩ ያስፈልገው የነበረው የአንድ መስመር ማስተካከያ ብቻ ነበር። ያን ቀን የሰውየውን ፊት ስላየሁ ነው እንዲህ የምለፋው።

የዛሬውን ችግር ያመጣው «ሎድ ዲፎልትስ» ነው። ባዮሱን የመለሰው ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ሁኔታ እንጂ ዊንዶውስሽ ወደሚያውቀው ሁኔታ አይደለም። ብዙ የዴል የቢሮ ዴስክቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የሃርድ ዲስኩ አሠራር «ሬይድ ኦን» ላይ ነው። ያንቺን ዊንዶውስ የጫነው ሰው «ኤኤችሲአይ» ላይ አድርጎት ሳይሆን አይቀርም። ዊንዶውስ በአንደኛው ከተጫነ በኋላ በሌላኛው ሲጠሩት ዲስኩን የሚያነብበትን ፕሮግራም («ሾፌር» የሚባለውን) አያገኝም፤ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «አላገኘሁትም» የሚለው ለዚህ ነው።

አሁኑኑ ኮምፒውተሩን አጥፊና ስትከፍቺው የዴል ምልክት ሲወጣ ኤፍ2ን ደጋግመሽ ንኪ። በግራ በኩል «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ስትከፍቺ «ሳታ ኦፕሬሽን» ታገኛለሽ። «ኤኤችሲአይ» የሚለውን ምረጪ፣ «አፕላይ» በዪ፣ ውጪ። በዚህ ካልተነሣ ብቻ «ቡት ሲኩዌንስ» ላይ ሄደሽ «ሌጋሲ» እና «ዩኢኤፍአይ» ከሚሉት ሁለት የአነሣሥ መንገዶች (አሮጌውና አዲሱ) አሁን ያልተመረጠውን ሞክሪ። ዊንዶውስ በመሐል የጥገና ገጽ ቢያመጣና ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ላስጀምረው («ሪሴት») ወይ ቢልሽ እሺ አትበዪ።

ቀኑን በሚመለከት፣ ባዮስ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱንም የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። አንቺ የሞላሽው ለእሱ በፈረንጆች ኦክቶበር 12 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ማለት ነው። በዚህ ብትተዪው ዊንዶውስ ቢነሣ እንኳ ብዙ ድረ ገጾች አይከፍቱልሽም፤ የደኅንነት ምስክር ወረቀታቸው የሚጀምርበት ቀን ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ወሩ 6፣ ቀኑ 19፣ ዓመቱ 2025 ነው። ከጠዋቱ 2፡40 ደግሞ 8፡40 ተብሎ ይጻፋል።

የሁሉም መነሻ ግን ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ባትሪ ናት። ሶኬቱ እንደተሰካ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ትንሽ ኃይል ይሠራል፤ ቀን ላይ ምንም የማይልሽ ለዚህ ነው። ማታ ስትነቅይው ሸክሙ ባትሪዋ ላይ ይወድቃል፤ እሷ ደግሞ አልቃለች። መንቀልሽን አትተዪ፣ ባትሪዋን ለውጪ። ስሟ ሲአር2032 ነው፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ አይጠፋም። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ ሲአር2025 ቢሰጥሽ አትቀበዪ፤ ቀጭን ስለሆነች መያዣዋ ውስጥ በደንብ አትነካም።

ለመለወጥ ሶኬቱን ነቅለሽ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኝ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይውጣ። ከፍተሽ የኮምፒውተሩን ብረት በእጅሽ ንኪ። ከዚያ ሳንቲም የምትመስለውን የያዘውን ትንሽ ምላስ በጥፍርሽ ገፋ ስታደርጊው ብቅ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አስገቢ።

ባትሪዋን ከለወጥሽ በኋላ «ሳታ ኦፕሬሽን» ራሱን ለውጦ እንደሆነ እንደገና እዪ።

ሐረጎ

ወንድሜ በደንብ አስረድተሃል። እዚያው ባዮስ ውስጥ «ኤሲ ሪከቨሪ» የሚልም አለ። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ «ላስት ስቴት» ብታደርጊው ይመቻል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምጠቀመው።

የቦርከና ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

ለእሷ ቤት በዚህ አልስማማም። በክረምት መብራት አንዴ ሄዶ አንዴ አይመለስም፤ ሦስት አራት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በእያንዳንዱ መነሣትና መውደቅ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል። «ፓወር ኦፍ» ላይ ይሁንና መብራቱ ሲረጋ በእጅሽ ክፈቺው። አንድ የምለምንሽ፣ ባዮሱን ወደ አዲስ ሥሪት አድሺ የሚልሽ ቢመጣ አትሞክሪ። በእድሳቱ መሐል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ሬይድ ኦን» ላይ ነበር። «ኤኤችሲአይ» አድርጌ ስወጣ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የልጅቷን ጽሑፍ የከፈትኩት፣ 84ቱም ገጽ አለ። መጀመሪያ ያደረግሁት ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው።

ባትሪዋን ቅዳሜ ፒያሳ ካለ ሰዓት ሠሪ ገዛሁ። በመጀመሪያ የሰጠኝ ልክ እንዳልከው 2025 ነበር፤ ቁጥሩን አንብቤ መለስኩለት። ለውጬ፣ ቀኑን ሞልቼ፣ ማታ ሶኬቱን እንደ ልማዴ ነቅዬ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ጥቁሩ ስክሪን አልመጣም፣ ሰዓቱም ከስልኬ ጋር እኩል ነው። የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አትሜ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጥፌአቸዋለሁ። ጽሑፉም አሁን እየታተመ ነው።