የቴስት አጻጻፍ ደንብ፦ አምስት ሰው በሚነካው ሪፖ (የጋራ የኮድ ማከማቻ) ላይ ምን ይግባበት?

ገንደ_ቆሬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ላይ ለዕቃ አስተላላፊዎች የጭነት መመዝገቢያና የክፍያ መጠየቂያ ሲስተም እንሠራለን። ከጅቡቲ የመጣ ጭነት ደረቅ ወደብ ሲገባና በመኪና ሲወጣ የሚመዘገብበት ነው። የምንሠራው በጃንጎ (የፓይተን የድረ ገጽ ማዕቀፍ)፣ በፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) እና በፓይቴስት (ቴስት ማስሮጫ) ነው። አምስታችንም ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) እንጽፋለን፣ ግን ሁሉም በየራሱ መንገድ። አንዱ በአንድ ቴስት ውስጥ 15 ነገር ያረጋግጣል፣ ሌላው ዳታቤዙን ሳይቀር ሞክ ያደርጋል (በአስመሳይ ይተካል)። በዚያ ላይ ቀን እያለፉ ሌሊት የሚወድቁ ቴስቶች አሉ። አንድ ገጽ የማይሞላ ደንብ ጽፈን ሪፖው ውስጥ ልናስቀምጥ ነው። ምን ምን ይግባበት? የቴስት ስም በአማርኛ ቢሆንስ?

ሳቢያን_ዴቭ፦

ደንቡ አጭር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ማሽን የሚያስፈጽመውን አትጻፉ፣ ለማሽኑ ስጡት። ሰው የሚፈርድበትን ብቻ ጻፉ።

ስም ላይ፦ ምን እንደተደረገ፣ በምን ሁኔታ እንደሆነና ምን እንደሚጠበቅ ይናገር። «ቴስት_ኢንቮይስ_2» ሲወድቅ ፋይሉን ሳትከፍቱ ምንም አታውቁም። «ቴስት_የተሰረዘ_ጭነት_ክፍያ_አይጠየቅበትም» ሲወድቅ ግን ሲአይ (ቴስቶችን በራሱ የሚያስሮጠው ሰርቨር) ላይ ስሙን ያነበበ ሁሉ የተበላሸው ምን እንደሆነ ይገባዋል።

አማርኛውን ፓይተን 3 ይቀበላል። ፓይቴስት ግን ቅንብሩን ካልቀየራችሁለት፣ በላቲን ፊደል «ቴስት» ብሎ የማይጀምር ፈንክሽን አይሰበስብም። ስህተት ነው ብሎም አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ያ ቴስት አንድም ቀን ሳይሮጥ ይከርማል። ሌላው ጣጣ ኪቦርድ ነው። አንዱ «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር» ብሎ ከጻፈ ለፓይተን ሁለት ስም ነው፤ በስም ፈልጋችሁ ስታስሮጡ ግማሹ ይቀርባችኋል። ስሙ በላቲን ፊደል ሆኖ የሥራው ሕግ በፈንክሽኑ መግለጫ ላይ በአማርኛ ቢጻፍ ይሻላል።

ዝም ብሎ የሚያልፍ ሌላም አለ። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ፈንክሽኖች አንድ ስም ከያዙ ኋለኛው የፊተኛውን ይውጠዋል። ኮፒ-ፔስት ባለበት ሁሉ ይህ አይጠፋም። ራፍ (የኮድ ስህተት መፈተሻ) ላይ ኤፍ811 የሚባለውን ሕግ አብሩት፣ ይይዝላችኋል።

አካሉ ማዘጋጀት፣ መፈጸም፣ ማረጋገጥ ተብሎ በባዶ መስመር ይለይ፤ መፈጸሚያው ከተቻለ አንድ መስመር ብቻ ይሁን። «አንድ ቴስት፣ አንድ አሰርት (ማረጋገጫ መስመር)» የሚለውን ግን አልስማማበትም። የአንድን ድርጊት ውጤት በአራት አሰርት ብታዩት ምንም አይደል። 15 የሚደርሰው መመዝገቡን፣ ማስተካከሉንና መሰረዙን በአንድ ላይ ስትጠርዙ ነው፤ ሦስተኛው ከወደቀ የቀሩት 12 ጭራሽ አይታዩም። ቴስት ውስጥ ኢፍ (ሁኔታ መለያ) ካያችሁ ሁለት ቴስት ነው፣ ክፈሉት። ፎር (ድግግሞሽ) ካያችሁ ፓራሜትራይዝ አድርጉት (አንዱን ቴስት በተለያየ ግቤት አስሩጡት)።

ዳታው ደግሞ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ ትልቅ ጄሰን (የዳታ ፋይል) አይሁን። አንዱ አንድ ረድፍ ሲነካ የማይገናኙ ቴስቶች ይወድቃሉ። ፋክቶሪ (የሙከራ ዳታ የሚፈጥር ኮድ) ይኑር፣ ቴስቱም የሚመለከተውን መስክ ብቻ ይጥቀስ። ክብደት የሚፈትሽ ቴስት ውስጥ የሾፌሩ ስልክ ቁጥር ምን ይሠራል?

ጀጎል፦

እኔ ሌሊት የሚወድቀው ላይ ብቻ ልምጣ። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የሚወድቀው፣ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። እኛ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ስለምንቀድም በዚያ ሰዓት የእኛ ቀን ተቀይሯል፣ የዩቲሲው ገና ነው። ጃንጎ ላይ የሰዓት ቀጠና ሲበራ «ታይምዞን.ናው» የሚመልሰው ዩቲሲ ነው፤ እሱ ላይ «.ዴት» ጨምሮ ቀኑን የወሰደ ኮድ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት የትናንትን ይዟል። በ«ታይምዞን.ሎካልዴት» ተኩት፣ ቅንብሩም ላይ የአዲስ አበባ ቀጠና መግባቱን እዩ፤ አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር ዩቲሲ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ደንቡ ላይ «ቀን የሚነካ ቴስት ሁሉ ሰዓቱን ያቆማል» ብላችሁ ጻፉ፤ በፍሪዝገንም ይሁን በታይም-ማሽን ላይብረሪ። ዋናው ግን የት ላይ ታቆሙታላችሁ ነው። እኩለ ቀን ላይ ያቆመ ምንም አይዝም። 2025 ሴፕቴምበር 10፣ 21:30 ዩቲሲ ላይ አቁሙት። እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 6:30፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ነው። የተሳሳተው ኮድ ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ይላል፦ ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም ባንዴ ሲስት ቴስቱ ሳይዘው አያልፍም።

የቀን መቀየሪያውን በአራቱ ወንጌላውያን ፈትኑት። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። 2015 ሉቃስ ስለነበረ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ከዮሐንስ፣ ከማቴዎስና ከማርቆስ ቀጥሎ ሲመጣ ግን ሴፕቴምበር 11 ነው። ስለዚህ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ይለፍ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2017 ስህተት ይስጥ። ብዙ ጊዜ የሚሳተው ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈለውን ዓመት እንደ ፈረንጁ መቁጠር ነው፤ የእኛው ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ነው።

ሰዓት ላይ ደግሞ 12ን አትርሱ። «6 ደምር» ብሎ የተጻፈ ኮድ ጠዋት 12ን 18:00 ያደርገዋል፣ መሆን ያለበት 06:00 ነው። የሌሊት ተረኛው «ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ የመዘገበውስ በየትኛው ቀን ይቆጠር? ይህን ፕሮግራመር አይወስነውም። ደንበኛውን ጠይቁና መልሱን ቴስት አድርጋችሁ ጻፉት።

ገንደ_ቆሬ፦

አቦ ተባረኩ፣ የሌሊቱ በትክክል እሱ ነው። ስለ ሞክ ግን ማንም አልነካም። ለፍጥነት ብለን ቴስቱን በኤስኪውላይት (በቀላሉ ዳታቤዝ) እናስሩጠው የሚል ሐሳብም አለ።

ከዚራ፦

ኤስኪውላይቱን ተዉት ወንድሜ። ለሰሌዳ ቁጥር 20 ፊደል ብላችሁ የገደባችሁበት መስክ 60 ቢገባበት ኤስኪውላይት ዝም ይላል፣ ፖስትግሬስ ግን ይመልሰዋል። ከሁሉ የሚብሰው ረድፍ መቆለፊያው ነው። ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ኮንቴይነር በአንድ ጊዜ እንዳያስወጡ «ሰሌክት_ፎር_አፕዴት» ከተጠቀማችሁ፣ ጃንጎ በኤስኪውላይት ላይ እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል። ያንኑ ፖስትግሬስ በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከፍሎ በሚያስሮጠው) አንሡና ለቴስት ብቻ በሚያገለግለው ላይ «ኤፍሲንክ»ን (ዳታው ዲስክ ላይ መጻፉን መጠበቂያውን) አጥፉ፤ የሚጠፋ ዳታ ስለሌለ አያሳስብም። «ሪዩዝ-ዲቢ» ስትጨምሩበት በየሩጫው ማይግሬሽን (የሠንጠረዦች ለውጥ) መጠበቅ ይቀራል። ማይግሬሽን ሲቀየር ወይም መብራት መሃል ላይ ሄዶ ዳታቤዙ ከተበላሸ አንዴ በ«ክሪኤት-ዲቢ» አስሩጡት።

ሞክ የሚደረገው የእናንተ ያልሆነው ብቻ ነው፦ የኤስኤምኤስ መላኪያው፣ የቴሌብር ጥሪው፣ የባንኩ። እነሱንም በራሳችሁ ቀጭን ክላስ ሸፍኑና ክላሱን ሞክ አድርጉ። «አውቶስፔክ» (ሞኩን ከዋናው ክላስ ጋር የሚያስማማው) ግዴታ ይሁን፤ ያለ እሱ ሞክ የሌለ ሜተድ ስትጠሩበት እንኳ እሺ ይላል፣ ዋናው ክላስ ተቀይሮም ቴስቱ ያልፋል። ፓች (በሞክ መተካት) የሚደረገው ፈንክሽኑ በተጻፈበት ሞጁል ሳይሆን ኢምፖርት ተደርጎ በሚሠራበት ላይ ነው። ፓይቴስት-ሶኬት ጨምራችሁ ኔትወርኩን ዝጉ፤ የተረሳ ጥሪ ካለ ወዲያው ይጋለጣል፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ቴስቱ አይቆምም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ጭነቱ ሲመዘገብ ኤስኤምኤስ የሚላከው በ«ኦን_ኮሚት» (ዳታቤዙ ለውጡን ሲያጸድቅ) ከሆነ በተራው የጃንጎ ቴስት ውስጥ አይላክም፤ ቴስቱ በትራንዛክሽን ተጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ስለሚሻር ኮሚት የሚባል ነገር የለም። «ካፕቸር_ኦን_ኮሚት_ኮልባክስ» የተሠራው ለዚህ ነው። ለዚህ ብላችሁ ወደ «ትራንዛክሽን_ቴስት_ኬስ» አትሂዱ፤ እሱ በየቴስቱ ማብቂያ ሠንጠረዦቹን ስለሚያጸዳ በጣም ያዘገማል።

ሸዋ_በር፦

ጽሑፍና ገንዘብ ቀርቷል። የፍለጋ ቴስት ላይ «ሐረር» እና «ሀረር»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ውጤት ማምጣታቸው ይታይ። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን እነዚህን አያዋሕድም፣ የራሳችሁ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። የግዕዝ ኤስኤምኤስ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ሲያልፍ እየተከፈለ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። በ70 እና በ71 ፊደል ፈትኑት፣ ሂሳቡ እጥፍ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። የግዕዝ ጽሑፍ ፓራሜትር ስትሰጡ ፓይቴስት በቴስቱ ስም ላይ ወደ ኮድ ቁጥር ስለሚለውጠው ሪፖርቱ አይነበብም፤ በላቲን አጭር «አይዲ» ስጡት።

ገንዘብ በፍሎት (በግምታዊ የነጥብ ቁጥር) አይነካ። በዴሲማልም (በትክክለኛው አስርዮሽ) ቢሆን የፓይተን መነሻ አጠጋግ እኩል መሃል ላይ ሲደርስ ለ2 ወደሚካፈለው አሃዝ ነው የሚያጋድለው፦ 10.30 ብር ላይ 15 በመቶ ቫት 1.545 ነው፣ ፓይተን 1.54 ይላል፣ በተለመደው አጠጋግ ግን 1.55 ነው። የፋይናንስ ሰው የሚፈልገውን ይወስንና ይህቺው ቁጥር ቴስት ትሁን። የጅቡቲ ፍራንክ ሳንቲም የለውም፤ ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ የሚያትም ኮድ ካለ እሱም ይፈተሽ።

ሳቢያን_ዴቭ፦

ኮዱ ኮሚት ሲደረግ (ለውጡ ሪፖው ውስጥ ሲመዘገብ) ሁሉም ቴስት ይሩጥ አትበሉ፣ ሰው መዝለልን ይለምዳል። ኮሚት ላይ ራፍ ብቻ፣ ፑሽ (ወደ ጋራው ሪፖ መላክ) ላይ ፈጣኖቹ፣ ሲአይ ላይ ሁሉም በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል። በፓይቴስት-ራንደምሊ ሲወድቅ የታተመውን የሲድ ቁጥር (የቅደም ተከተሉን መነሻ) ፑል ሪኩዌስቱ (የኮድ ማስገቢያ ጥያቄው) ላይ ለጥፉት፤ ያለ እሱ ሌላው ሰው ያንኑ ውድቀት አይደግመውም።