ወደ ቤቲንግና ካሲኖ ብር ስታስገቡ፦ ለሀዋሳ ልጆች ጥቆማ

ቴሌብር ይሻላል፣ ሲቢኢ ብር ወይስ ቀጥታ ከባንክ አፕ? አቶቴ አካባቢ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ስለሆንኩ ይሄን ጥያቄ ሁሌ እሰማዋለሁ። ብር ተበልቶበት የሚመጣውንም ሰው አያለሁ። ስለዚህ በደንብ ልጻፈው።

ፈጣን ዝውውር ፒን ካስገባችሁ በኋላ መመለሻው በጣም ከባድ ነው። ብሩ የገባለት ሰው "እሺ" ካላለ ባንኩ ዝም ብሎ ከሰው አካውንት አንስቶ አይሰጣችሁም። ጥንቃቄው ሁሉ ከፒኑ በፊት ነው። ተቀባዩ ማነው? ብሩስ ከየትኛው ኪስ ነው የሚወጣው?

ለዚህ ነው ቴሌብርን የማስቀድመው። ፈቃድ ያላቸው የአገር ውስጥ ቤቲንጎች ላይ ከሳይቱ ውስጥ ብር ማስገቢያውን ስትነኩ የድርጅቱ ስምና መጠኑ ይመጣላችኋል፣ ከዚያ ፒን ነው። ከማንም የአካውንት ቁጥር አትገለብጡም። ደሞዛችሁም እዚያ የለም፤ ያለው ያስገባችሁት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የቴሌብሩን እንደኪሴ ለዚህ አትጠቀሙ። ሒሳብ ሲያንሳችሁ የሚሞላላችሁ ብድር ነው፣ በብድር መወራረድ ደግሞ መጨረሻው አያምርም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መቆመርን የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። የቴሌብሩ መላም ያው ብድር ነው።

ሲቢኢ ብር ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ብዙ ሰው ከንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ ጋር ያምታታዋል። ሲቢኢ ብር ለብቻው ያለ ዋሌት (የስልክ ላይ የገንዘብ ቦርሳ) ነው፣ *847# የሚደወለው። ከዋናው ሒሳባችሁ ለሳምንቱ የመደባችሁትን ብቻ ታሻግሩና ሲያልቅ አለቀ። ኤምፔሳም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ብቻ ሳይቱ ማስገባት ብቻ ሳይሆን ማውጣትም በእሱ እንደሚፈቅድ ቀድማችሁ እዩ።

ቀጥታ ከባንክ አፕ ግን አልመክርም። የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ብር በተቀመጠበት አካውንት አቪዬተር (አውሮፕላኑ ከመጥፋቱ በፊት ብራችሁን የምታወጡበት ፈጣን ጨዋታ) መጫወት አደገኛ ነው። የአቪዬተር ሠሪዎች ራሳቸው እንደሚናገሩት ከተወራረደው ብር ለተጫዋቾች የሚመለሰው በአማካይ 97 በመቶ ነው፤ ትንሽ ጉድለት ትመስላለች፣ ግን የምትቆረጠው በእያንዳንዱ ዙር ነው፣ አንዱ ዙር ደግሞ ሰከንዶች ናቸው። ብር ማስገባቱም የሰከንድ ሥራ ከሆነ ማታ ተጀምሮ እስኪነጋ አካውንቱ ባዶ ይሆናል። እናንተንም ቤተሰባችሁንም የሚጎዳ ነገር ስለሆነ ነው ይሄን ያህል የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ የውጭ ካሲኖዎች። ኢንተርኔት ላይ "ፈጣን የባንክ ዝውውር አስተማማኝ ነው" የሚሉት ጽሑፎች በአብዛኛው ስለ አውሮፓ ነው የሚያወሩት። እዚያ ትረስትሊ የመሰሉ፣ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ለድርጅት የሚያስከፍሉ አገናኞች አሉ። የዩሮ ባንኮች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ዝውውሩ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስምና የአካውንት ቁጥር መግጠሙን የማጣራት ግዴታ አለባቸው። እንግሊዝ ውስጥ ተታሎ ብር የላከ ሰው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ በአብዛኛው እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ድረስ ባንኩ ይመልስለታል። ትረስትሊ ከእኛ ባንኮች ጋር አይሠራም። የእኛ ብር እንዲያው በቀጥታ ወደ ውጭ ካሲኖ አይሄድም።

ታዲያ በማን በኩል ነው የሚሄደው? በቴሌግራም "ኤጀንት" ነው። አካውንት ቁጥር ይልክላችኋል፣ በ1000 የሚጀምር የንግድ ባንክ ቁጥር፣ ስሙ የማታውቁት ግለሰብ። ምክንያቱ ላይ "ብድር" ብላችሁ ጻፉ ይላል። ነገ ደግሞ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ስም። ያን ብር ካስገባችሁ በኋላ ከካሲኖው ጋር ምንም የሚያገናኛችሁ ማስረጃ የለም፤ በወረቀት ላይ ለአንድ ግለሰብ በፈቃዳችሁ ብር ልካችኋል፣ ያውም ብድር ብላችሁ። ስታሸንፉ ደግሞ "ታክሱን ቅድሚያ ላኩ፣ ከዚያ እንከፍላችኋለን" ይመጣል። የዕድል ጨዋታ ግብርን ያሸነፋችሁትን የሚከፍለው ድርጅት ራሱ ከክፍያው ላይ ቀንሶ ነው የሚያስቀረው። ቀድማችሁ ላኩ የሚል ካገኛችሁ በቃ ሌባ ነው፣ አትከራከሩት።

ተማሪዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች፣ ይሄን በተለይ ለእናንተ ነው። አካውንታችሁን ለእነዚህ ሰዎች አታከራዩ። "ዝም ብለህ ኮሚሽን ብላ" ይሏችኋል። በስማችሁ የሚመላለሰው ብር የማን እንደሆነ ማወቅ አትችሉም፣ በሕገወጥ ገንዘብ ዝውውር ምርመራ ሲመጣ ደግሞ ሕጉ የሚያገኘው የአካውንቱን ባለቤት ነው።

የምትጫወቱ ከሆነ 21 ዓመት የሞላችሁ ሁኑ፣ የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት (የቀድሞው ብሔራዊ ሎተሪ) ፈቃድ ያለው ድርጅት ላይ ብቻ ተጫወቱ፤ አርማውን ማንም ሳይቱ ላይ ይለጥፋል፣ ፈቃዱን ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። የመጀመሪያ ቀን ትንሽ አስገብታችሁ ለማውጣት ሞክሩ። ቦነስ ከተቀበላችሁ ይሄን ያህል ሳትጫወቱ አታወጡም የሚል ደንብ ሊኖር ስለሚችል አንብቡት። ሳይቱ ላይ የተመዘገባችሁበት ስምና የሲም ካርዱ ስም አንድ ይሁን፣ አለዚያ ማውጣት ላይ ትቸገራላችሁ።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ በተለይ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ ብሩ ተቆርጦ ሳይቱ ላይ ላይታይ ይችላል። ደግማችሁ አትላኩ። ሜሴጁን ፈልጉ፣ የቴሌብር ከሆነ ከ127 ነው የሚመጣው፣ የንግድ ባንክ ከሆነ በFT የሚጀምር ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር ለድርጅቱ ላኩ። ደረሰኙን ግን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፣ ስማችሁና ቁጥራችሁ እዚያ ላይ ነው።

በስህተት ወይ ተታላችሁ ከላካችሁ ደግሞ ያኔውኑ ደውሉ፣ ንግድ ባንክ 951 ነው። ከዚያ በአካል ቅርንጫፍ ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ፣ የማመልከቻውን ኮፒ ማህተም አስመቱና ያዙ። ለፖሊስ ስታመለክቱም ያንን ኮፒ፣ የቴሌግራም ወሬውን ሳታጠፉ፣ የተላከበትን አካውንት ቁጥርና ስም ይዛችሁ ሂዱ። ብሩ ከተቀባዩ አካውንት ሳይወጣ ከተደረሰበት የመገኘት ዕድል አለው፣ ስለዚህ "ነገ እሄዳለሁ" አትበሉ።