በሊዝሆልድ አፓርታማ ውስጥ ግድግዳ ለማፍረስ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ ከአንድ አሮጌ ቤት ተከፍሎ የተሠራ የሊዝሆልድ (በረጅም ዘመን የሊዝ ውል የሚያዝ) አፓርታማ ገዝተን እንኖራለን። በማዕድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ ለማፍረስ አስበናል። ግንበኛው የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ ይበቃችኋል ይለናል፤ የሕንፃው አስተዳዳሪ ድርጅት ግን ያለ ፍሪሆልደሩ (የሕንፃው ባለቤትና አከራይ) የጽሑፍ ፈቃድ ምንም እንዳንነካ፣ የሶሊሲተር (የሕግ ባለሙያ) እና የሰርቬየር (የሕንፃ መርማሪ ባለሙያ) ወጪውንም እኛ እንድንሸፍን ጽፎልናል። በገዛነው ቤት ይህን ሊጠይቁን ይችላሉ?

አንደኛ መልስ
ይችላሉ። የገዛችሁት ለረጅም ዓመታት የመያዝ መብትን ነው፤ ዋና ዋና ግድግዳዎችና ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሆልደሩ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሊዝ ውላችሁን አውጥታችሁ ስለ ለውጥ የሚናገረውን አንቀጽ አንብቡ። አንዳንዱ ውል ለውጥን ፈጽሞ ይከለክላል፤ አንዳንዱ ያለ ፈቃድ ብቻ ይከለክላል። ፈጽሞ የሚከለክል ከሆነ ፍሪሆልደሩ የመፍቀድ ግዴታ የለበትም። እንዲያውም አንቀጹን ለማስከበር ለሌሎቹ ነዋሪዎች በውል ቃል ገብቶ ከሆነ፣ ለእናንተ መፍቀዱ ለእነርሱ የገባውን ቃል ማፍረስ እንደሚሆን የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ወስኗል። ይህን ሳታረጋግጡ ለንድፍ ገንዘብ አታውጡ።

ሁለተኛ መልስ
በሙያዬ የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። የግንበኛችሁ አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላል። ካውንስሉ የሚመለከተው ሥራው የሕንፃ ደንቡን ማሟላቱን ነው፤ በውላችሁ ውስጥ ያለውን ክልከላ ሊያነሳላችሁ አይችልም።

ግድግዳውን አንኳኩታችሁ ባዶ ድምፅ ስለሰጠ ሸክም የለበትም አትበሉ። በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ቤቶች የላይኛውን ወለል የያዙት አግዳሚ እንጨቶች በቀጭን የእንጨት ግድግዳ ላይ አርፈው ይገኛሉ። የፍሪሆልደሩ ሰርቬየርም በመጀመሪያ የሚጠይቀው በግድግዳው ፋንታ ሸክሙን የሚይዘው አዲሱ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በምን ላይ እንደሚያርፍና በሥራው ወቅት ወለሉ በፑንቴሎ እንዴት እንደሚደገፍ ነው። የቢሙ ጫፍ ከጎረቤት ጋር በምትጋሩት ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ መሠረት ከሁለት ወር በፊት የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት አለባችሁ፤ ጎረቤቱ በ14 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልተስማማ ጉዳዩ እንደ አለመግባባት ተቆጥሮ ወደ ሰርቬየሮች ይሄዳል። ከመኝታ ክፍሎቹ የምትወጡት ማዕድ ቤቱን አቋርጣችሁ የሚሆን ከሆነ ደግሞ የእሳት ማምለጫ ጉዳይ ይነሳል፤ እኔ ከውበቱ ሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ይህንን ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልን። ውላችን «ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ» ይላል፤ ፈቃዱን ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችልም የሚል ቃል ግን አላገኘንበትም።

አንደኛው መላሽ
ቃሉ ባይጻፍም ሕጉ ይጨምርላችኋል። የ1927ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ በአንቀጽ 19 እንደሚደነግገው፣ ለውጡ ለእናንተ መሻሻል እስከሆነ ድረስ ፍሪሆልደሩ ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክላችሁ አይችልም፤ ተገቢ የሆነ የሕግና የባለሙያ ወጪ ግን ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ሦስተኛ መልስ
ወጪውን በተመለከተ ዝርዝሩን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በ2002ቱ የኮመንሆልድና የሊዝሆልድ ማሻሻያ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ክፍያ ተገቢ መሆን አለበት፤ ከበዛባችሁ እንዲህ ያሉ የንብረት ክርክሮችን ለሚዳኘው የአንደኛ ደረጃ ትሪቡናል ማመልከት ትችላላችሁ። ከአስተዳዳሪው የመጣ «ችግር የለም» የሚል ኢሜይል አይበቃችሁም፤ በፍሪሆልደሩ የተፈረመ የለውጥ ፈቃድ ሰነድ ተቀበሉ። ቤቱን ስትሸጡ የገዢው ሶሊሲተር ይህን ሰነድና ከሕንፃ ቁጥጥር የሚሰጠውን የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ስለሚጠይቅ፣ ሁለቱንም ከሊዝ ውሉ ጋር አስቀምጡ።